የነጻ ሰው ስኳር

ፊላደልፊያ፣ 2ኛው ወር፣ 11ኛው ቀን፣ 1838

ለአጎቴ ልጅ ለጣቢታ፣

ይህ ደብዳቤ አንቺንም ኤሊሁንም ትንሿን ሱዛናንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን የመጣብኝ ደረጃ ከመውጣትና ከመውረድ ነው። በዚህ ከተማ ያላንኳኳሁት በር የለም ብልሽ ማጋነን ይሆንብኛልና፣ እንደ እምነት ማኅበራችን እንደ ወዳጆች ወግ እቅጩን ልንገርሽ፤ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ።

አቤቱታችን በዋና ከተማችን፣ እዚያው በኮንግረሱ አፍንጫ ሥር፣ ሰው እንደ ከብት መሸጡ ይቁም የሚል ነው። ሴቶች በምርጫ ድምፅ የለንም። መፈረም ግን እስካሁን የከለከለን ስለሌለ እስኪከለክሉን እንፈርማለን። ትናንት አንድ ጫማ ሰፊ በሩን ከፍቶ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ሴትዮ፣ ባል የለሽም?" አለኝ። "የለኝም" አልኩት። "ያስታውቃል" ብሎ በሩን ዘጋው። ሚስቱ በጓሮ በኩል ዞራ፣ እጇ ላይ ሊጥ እንዳለ መጥታ ፈረመችልኝ። ወረቀቱ ላይ የሊጥ አሻራ አለ፤ ኮንግረሱ እንደ ማኅተም ይይዘዋል።

ባዶ ወረቀቶች ልኬልሻለሁ። የጉባኤያችሁን ሴቶች አስፈርሚልኝ።

ይህን ደግሞ ለሱዛና አንብቢላት። ሱዛናዬ፣ አሥር ዓመት ሞላሽ ሲሉ ሰማሁ። አሥር ዓመት የሞላው ሰው መጠየቅ ይችላል። ስኳር ሲሰጡሽ፣ የጥጥ ቀሚስ ሲሰፉልሽ፣ "የማን ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ሸንኮራውን የቆረጠው ሰው ተከፍሎት ነው ወይስ ተገርፎ? በዚያ ማሳ ላይ አንቺን የምታክል ልጅ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። እሷ ተገርፋ የሠራችውን የሚበላ ሰው ጅራፉን አብሮ እንደያዘ ነው። እኛ እዚህ ነጻ ሰው የሠራውን ብቻ የምንሸጥበት ሱቅ አለን። አንድ ቀን መጥተሽ ታዪዋለሽ።

በእውነት ወዳጅሽ፣
ፌቤ


ሜዶ ፎርክ፣ ኢንዲያና፣ 4ኛው ወር፣ 2ኛው ቀን፣ 1838

ለፌቤ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ጭቃ ለብሶ ደረሰኝ። እኛ ደህና ነን። የፈረመው ሰው ጥቂት ነው፤ እዚህ ከቤት ቤት መሄድ ማለት ግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ከጉባኤ ስንወጣ ጠራኝና "ጣቢታ፣ ይህን ጉዳይ ወንዶቹ ይዘውታል እኮ" አለኝ። "መቼ ነው የሚጨርሱት?" አልኩት። ዝም አለ። በዝምታ በምናመልክበት በእኛ ጉባኤ ዝምታ አንዳንዴ መልስ ነው።

ልጄን ግን አበላሸሽብኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩላት ወዲህ የማትጠይቀው ነገር የለም። ገበታ ላይ ስንቀመጥ "እማዬ፣ የማን ነው?" ትላለች፤ ጨው ሳይቀር። ባለፈው እንቁላሉን "የማን ነው?" ብትል አባቷ "የዶሮዋ" አላት። "ተከፍሏታል?" አለችው። ኤሊሁ ሲስቅ ሹካው ከእጁ ወደቀ። አሻንጉሊቷንም ቀድዳ ጥጡን አወጣችና የበግ ፀጉር ጠቀጠቀችባት። አሻንጉሊቷ እርጉዝ መስላለች፤ እሷ ግን ኮርታባታለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ዘንድሮ ሙቀቱ ቀድሞ ስለመጣ ከሜፕል ዛፎቻችን ያገኘነው ጣፋጭ እዚህ ግባ አይባልም። ንቦቹንም በረዶው ፈጃቸው። ባለፈው ዓመት ሱዛናን ንዳድ ይዟት እንደነበር ታስታውሻለሽ። መድኃኒቱ ያ መራራ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ያለ ጣፋጭ ከአፏ ሳይወርድ ይመልሳታል። ከሱቃችሁ የነጻ ሰው ስኳር ጥቂት ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል። የንዳዱ ወራት ሳይገባ ቢደርስ ነው ጥሩው።

ጣቢታ


ፊላደልፊያ፣ 5ኛው ወር፣ 24ኛው ቀን፣ 1838

ጣቢታ፣ እህት ዓለም፣

ጋዜጣው ቀድሞኝ ደርሶ አስደንግጦሽ ከሆነ በሕይወት አለሁ። አንድ ጠጉሬም አልተነካም።

ለስብሰባ ቤት የሚያከራየን ስላጣን ገንዘብ አዋጥተን የሠራነው አዲሱ አዳራሽ፣ ቀለሙ እንኳ በቅጡ ሳይደርቅ ተቃጠለ። ሴቶች ከወንዶች ፊት ቆመው ይናገራሉ፣ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ተብሎ ነው ይህ ሁሉ። እኛ ውስጥ ሆነን ውጭ ያለው ሕዝብ ድንጋይ ይወረውራል፣ መስታወቱ በላያችን ይረግፋል። ስንወጣ ጥቁሮቹን እህቶች ብቻቸውን እንዳያገኟቸው ክንድ ለክንድ ተያይዘን ወጣን። እኔ የያዝኳት አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። "ፈራሽ እንዴ?" አልኳት። "የምትንቀጠቀጪው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በማግሥቱ ማታ ለኮሱት። የእሳት አደጋ ሰዎቹ መጥተው በዙሪያው ያሉትን ቤቶች አረጠቡ። የእኛን ቆመው ሞቁት። እኔም ቆሜ አየሁ። አላለቀስኩም፤ ዛሬ ግን አንቺ ፊት እያለቀስኩ ነው።

በነጋታው አንዲት አስተማሪ ክፍሏን ለቀቀችልንና ስብሰባውን እዚያ ጨረስነው። የሱዛናንና የዶሮዋን ነገር ነገርኳቸው፤ ከዚያ ሁሉ አመድ በኋላ መጀመሪያ የሳቅነው ያኔ ነው። እያንዳንዷ የልጅቷን ስም ጠየቀችኝ። ያቺ ልጅ ከእኛ ትበልጣለች። አሁን እልህ ይዞናል፤ ሌላ አቤቱታ ጀምረናልና ወረቀት ልኬልሻለሁ። እባክሽ ቶሎ።

ፌቤ


ሜዶ ፎርክ፣ 7ኛው ወር፣ 20ኛው ቀን፣ 1838

ለፌቤ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ስለ መትረፍሽ አመሰገንን። ኤሊሁ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበበው፤ እሱ የማይወደው ደብዳቤ ረጅም ደብዳቤ መሆኑን ታውቂያለሽ።

የስኳሩ ነገር ሳይረሳሽ አልቀረም። በዚያ ሁሉ እሳት መካከል ብትረሺው አልፈርድብሽም። ግን እንዲያው ከቻልሽ። ንዳዱ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ኤሊሁ ተንቀጥቅጦ ተነሣ፤ ትናንት ደግሞ ሱዛናን ጀመራት። ሐኪሙ ይመጣል ብለን እየጠበቅን ነው። ከወንዙ ማዶ ካለው የነጻ ጥቁሮች መንደር ቫይኒ የምትባል ጎረቤት እየመጣች ታግዘኛለች። ሉዊዚያና ሸንኮራ ማሳ ላይ ነበረች። እንዴት እንደመጣች አልጠይቃትም፤ አንቺም አትጠይቂኝ።

ሱዛና ሰላም በይልኝ ብላለች። አሻንጉሊቷም።

ጣቢታ


ፊላደልፊያ፣ 9ኛው ወር፣ 15ኛው ቀን፣ 1838

ለጣቢታ፣

በይ ይኸው ስኳሩ! ወደ ምዕራብ በሚጓዝ ወዳጅ እጅ ልኬዋለሁ። ረስቼው ነበር፤ ደብቄሽ ምን አደርጋለሁ? የ7ኛው ወር ደብዳቤሽ እስኪደርስ ከአእምሮዬ ጠፍቶ ነበር። ከደረሰም በኋላ ሱቃችን ባዶ ነበርና መርከብ ጠበቅን። መቼም አሁን ንዳዱ ለቋት በሜዳው እየሮጠች ይሆናል። ለመድኃኒት ባይሆንም ለኬክ ይሁናት።

በላዩ ላይ በእጄ "ነጻ ሰው የሠራው" ብዬ ጽፌበታለሁ፤ ከመጠየቋ በፊት መልሱን ታግኘው። ሴቶቹ "ያቺ የዶሮዋ ልጅ እንዴት ናት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለምን ዝም አልሽ? ፊርማዎቹስ?

ፌቤ


ሜዶ ፎርክ፣ 11ኛው ወር፣ 30ኛው ቀን፣ 1838

ለፌቤ፣

እቃው ደርሷል። ፊርማዎቹ ከዚህ ጋር አሉ። ካሰብሽው ያንሳሉ። በቆሎው ገብቷል። በረዶ ጀምሯል። ኤሊሁ ደህና ነው። ከዚህ በኋላ ምንም እንድትልኪ አልፈልግም፤ የሚያስፈልገን ነገር የለም።

ጣቢታ


ፊላደልፊያ፣ 2ኛው ወር፣ 19ኛው ቀን፣ 1839

ጣቢታ፣ እህቴ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። በእናንተ በኩል አልፋ የመጣች ተጓዥ ሰባኪ ትናንት እኛ ዘንድ አደረች። ስለ ኢንዲያና ስታወራ "በባሪያ ስኳር የተበጠበጠ መድኃኒት አልጠጣም ብላ የሞተች ልጅ" አለች። ስሟን ብጠይቃት "ሱዛና" አለችኝ።

ለምን አልነገርሽኝም? የ11ኛውን ወር ደብዳቤሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ሱዛና የሚል ቃል የለበትም። ያን ጊዜ ይህን ሳላስተውል "ጣቢታ ደረቅ ሆነችብኝ" ብዬ ተቀይሜሽ ነበር። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኤሊሁንም ያጽናው። ከዚህ በላይ የምለው ቢኖረኝ እለው ነበር።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ብትቆጪኝም እጠይቃለሁ። በ5ኛው ወር የሴቶቹ ታላቅ ጉባኤ አለ። ከየክፍለ ሀገሩ ይመጣሉ። እንድናገር ስሜን አስገብተዋል። የሱዛናን ነገር ልንገራቸው? በትንሽ መጽሐፍ አሳትመን ለልጆች ብንበትነውስ? አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ይህን ካደረገች እኛ ትልልቆቹ ምን እናደርጋለን የሚል ሰው ይበዛል። ሞቷ ከንቱ አይሁን፣ ጣቢታ። እሺ በይኝ።

ፌቤ


ሜዶ ፎርክ፣ 4ኛው ወር፣ 7ኛው ቀን፣ 1839

ለፌቤ፣

ሰባኪዋ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ግን ሁሉንም አልነገረችሽም። ሁሉንም ከሐኪሙ በቀር እኔና ኤሊሁ ብቻ ነን የምናውቀው።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ቤቱ በጥብጦ በጠርሙስ ነው የሚያመጣው። ከሸንኮራ በተሠራ ጥቁር ሽሮፕ ይበጠብጠዋል። ማንኪያውን ወደ አፏ ሳስጠጋ ዓይኗን ገለጠችና "እማዬ፣ የማን ነው?" አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር፣ ፌቤ። "የሜፕል ነው" ብላት ትጠጣው ነበር። ታምነኝ ነበርና። በሕይወቴ ውሸት ተናግሬ አላውቅም። ፍርድ ቤት እንኳ አንምልም፤ ቃላችን ሁልጊዜ እውነት ስለሆነ መሐላ አያሻንም እያልን ነው ያደግነው፣ አንቺም እኔም። ኤሊሁ ከኋላዬ ቆሟል። እሱም ያንን ቃል አላላትም። "ሽሮፑ የሸንኮራ ነው፣ ከኒው ኦርሊንስ የመጣ" አልኳት።

አፏን ገጠመች። "ለመድኃኒት ሲሆን ምንም አይደለም፣ ልጄ" አልኳት። "ፌቤ ለመድኃኒት ሲሆን አላለችም እኮ" አለችኝ። ሐኪሙ ተናደደና "አፍንጫዋን ያዢና አፍስሺባት" አለኝ። ያዝኩ፤ አፈሰስኩ። ትራሱ ላይ ተፋችው። የመንቃት አቅም ያላት አትመስልም ነበር፤ ለመትፋት ግን ከየት እንዳመጣችው እንጃ። ሐኪሙም "በሉ ያልተበጠበጠውን ዱቄት ላምጣላችሁ" ብሎ ሄደ። ሌሊቱን ዝናብ ጣለና ወንዙ ሞላ። ሲመለስ ቫይኒና እኔ አጥበን ገንዘናት ነበር።

ለምን አልነገርሽኝም አልሽ። ስኳርሽ የደረሰው ከቀበርናት ወዲህ ነው። የጻፍሽበትን አየሁት። ብዕር አንስቼ ብጽፍልሽ ኖሮ ይቅርታ የማይደረግለት ነገር እጽፍ ነበር። ስለዚህ ስለ በቆሎው ጻፍኩ።

ጥያቄሽን በተመለከተ፣ አይሆንም። በልጄ ስም መጽሐፍ አታሳትሚ። ልጆች እንዲያነቡትና እንደሷ እንዲሆኑ ነው የምትፈልጊው፤ እኔ ደግሞ አንድም ልጅ እንደሷ እንዳይሆን ነው የምፈልገው። እናትየዋ እስከ ዛሬ ትክክል ሠራሁ ወይስ አልሠራሁም እያለች ማደሯን ጨምረሽ መናገር ከቻልሽ ተናገሪ። ያን ብትናገሪ ግን ለጉባኤሽ አይጠቅምሽም።

በቤታችን ዛሬም የባሪያ ስኳር አይገባም። ስለ ማኅበርሽ ብዬ አይደለም። ገበታው ላይ ሳስቀምጠው ድምፅዋ ስለሚሰማኝ ነው።

ጣቢታ


ፊላደልፊያ፣ 5ኛው ወር፣ 6ኛው ቀን፣ 1839

ለጣቢታ፣

ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። ብዙ ሴት ነበረች፤ ከሩቅ አገር የመጡም ነበሩ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። የእኛ ሰዎች መንፈስ እስኪያናግረኝ የምጠብቅ መስሏቸው አንገታቸውን ደፍተው አብረውኝ ዝም አሉ። ሌሎቹም እነሱን አይተው ዝም አሉ። አዳራሹ በሙሉ ስለ ሱዛና ዝም ሲል አንዳቸውም ስለ ማን ዝም እንዳሉ አያውቁም ነበር። ከዚያ ተቀመጥኩ።

"የገደልኳት እኔ ነኝ" ብዬ ልጽፍልሽ ጀምሬ ቀደድኩት። ያን የጻፍኩት አንቺ "አይደለሽም" ብለሽ እንድታጽናኚኝ ፈልጌ እንደሆነ ገባኝ። አታጽናኚኝ። መልስም አልጠብቅም፤ ብትጽፊልኝ ግን በየቀኑ ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።

ፌቤ


ሜዶ ፎርክ፣ 8ኛው ወር፣ 25ኛው ቀን፣ 1839

ለፌቤ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ሰላም ብዬ ከጀመርኩልሽ ዓመት ሆኖኛል፤ ዛሬ ከእጄ ወጣ።

ፖስታ ቤት ስላመላለስኩሽ ይቅር በይኝ። መጻፍ አልቻልኩም ነበር። አሁን የቻልኩት በቫይኒ ምክንያት ነው። ባለፈው ወር ባቄላ ስንፈለፍል ያቺን ቀን አነሣሁባት፤ ለሰው በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ጥያቄዋ፣ ስለ መለስኩላት ነገር ሁሉ ነገርኳት። እሷም እጇን ከባቄላው ሳታነሣ "እኔ ብሆን ሜፕል ነው ብዬ አጠጣት ነበር" አለች።

"ቫይኒ፣ ያንን ሸንኮራ እንዳንቺ ያሉ ሰዎች እኮ ናቸው ተገርፈው የቆረጡት" አልኳት።

"እንዳንቺ ያሉ የሚሉትን ወሬ ተዪው። እኔ ነኝ የቆረጥኩት" አለችኝ። "ለማን ይሰጥ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቢጠይቁኝ ለልጅሽ እሰጣት ነበር።"

ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ባቄላውን ጨረስን። በአሥራ ሦስት ወር ውስጥ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ቫይኒ አላባበለችኝም፤ መጨረሻ ላይ ብቻ "በይ ባቄላው ጨው በቃው" አለችኝ።

ፌቤ፣ አንቺም አልገደልሻትም፣ እኔም አልገደልኳትም። አንዳንድ ቀን ይህን አምነዋለሁ። ባዶ ወረቀቶች ላኪልኝ። ሴቶቹ በር ላይ ሲያዩኝ አሁን ምክንያት አይጠይቁኝም፤ ብዕሩን ተቀብለው ይፈርማሉ። ያን ማድረግ ስለቻልኩ አደርገዋለሁ። መጽሐፉን ግን አሁንም አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት ንዳዱ የቫይኒን ትንሽ ልጅ ያዛት። ስድስት ዓመቷ ነው። ዱቄቱን ሳይበጠብጥ እንዲሰጠኝ ሐኪሙን አስቀድሜ ለምኜው ስለነበር ቤት ውስጥ ነበረኝ። የላክሽውን ስኳር ከሣጥኑ አወጣሁት። እስካሁን አልፈታሁትም ነበር። ጽሕፈትሽ አለበት። በጠበጥኩና ማንኪያውን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጅቷ አፏን ከፍታ ጠበቀችኝ። እኔ ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

ቫይኒ "ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ።

የማን ነው እስክትለኝ ነበር የምጠብቀው፣ ፌቤ። በዚህኛው ጊዜ መልሱ ነበረኝ። ልጅቷ ግን አልጠየቀችኝም። ጠጣችውና ጨምሪልኝ አለችኝ።

የአጎትሽ ልጅ፣
ጣቢታ